«ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ፣ ሁለተኛ ዓመት ስንጀምር ዶርማችን ውስጥ ማንም የማያድርበት አልጋ ነበር። ባለቤቷ ለወሊድ ዊዝድሮው ሞልታ ቆይታ የተመለሰች የኢኮኖሚክስ ተማሪ ናት፤ ቀን በክፍል መሀል ጋደም ትልና ማታ ከግቢው ውጭ ወደተከራየችው ቤት ትሄዳለች። መጀመሪያ ያየኋት መታጠቢያ ክፍል ነው። ሌክቸሩ ረዝሞባት፣ ጡቷ አግቶ፣ ሸሚዟ ርሶ፣ ወተቷን ሲንኩ ላይ እያለበች ነበር። «ግቢ፣ አይዞሽ፣ ሰው አልገደልኩም» አለችኝና ሳቀች።

እናቷን ያወቅኋቸው አንድ ማታ ተከትያት ስሄድ ነው። ከዳንግላ ነው የመጡት። ባላቸውን፣ ላሞቻቸውንና ማሳውን ትተው፣ አንዲት ክፍል ውስጥ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከርመዋል። እኛ «እማማ» አልናቸው፤ ሕፃኑን ዶርሙ በሙሉ «ፍሬሽ» አለው። ረፋድ ላይ ፍሬሽን በአንቀልባ አዝለው እስከ በሩ ይመጣሉ፤ እሷ ከክፍል ሮጣ ትወጣለች፣ ታጠባለች፣ ትመለሳለች። ሰንበት ሲል ጥበቃው ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም ቆሎ ይዘውለት መምጣት ጀመሩ።

ዘመድ ጠያቂ አይጠፋም ነበር። ቅቤው፣ አጥሚቱ፣ ሽሮው ይመጣል፤ ባሏም ከሚሠራበት ክፍለ ሀገር ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ ይልካል። ሁሉም ግን የሚጠይቃት ስለ ልጁ ነው። ጠባ? ተኛ? ተከተበ? ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ብቻ፣ ገና ደብተሯን ሳታስቀምጥ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ይሏታል። ለወግ አይደለም፤ መልሱን ይጠብቃሉ።

አንድ ማታ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት አስረዳቻቸው። ጤፍ ገበያ ላይ ሲበዛ ይረክሳል፣ ሲያንስ ይወደዳል። እማማ ፍሬሽን እያስገሱ በጽሞና ሰሟትና «ታዲያ ጥር ላይ ረክሶ ሐምሌ ላይ እንደሚወደድ መች ጠፋን? ለዚህ ነው እኔን ከዳንግላ ያመጣሽኝ?» አሏት። ትን እስኪላት ሳቀች።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሚድ ሲቃረብ ዝም የምትልበት፣ አንድ ገጽ ከፍታ ሳትገልጥ የምታመሽበት ሰሞን ነበረ። አንዲት ጎረቤት «ልጅሽን በአሮጊት ጀርባ እያሳደግሽ» ያለቻት ቀንማ ጭራሽ ትምህርቱን ልተወው አለች። እማማ አልመከሩም፣ አልተቆጡም። ልጁን አዘሉና ወደ እኛ ዞረው «ወስዳችሁ ሻይ አጠጧት፤ ስለ ልጅ እንዳታወሯት» አሉን። ሳይኮሎጂ የማጠናው እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ግን በየትኛውም ሃንድአውት አላነበብኩም።

ኋላ ላይ፣ ኤድንብራ ውስጥ ተዘጋጅቶ በፈረንጆቹ 1987 የታተመውን የድኅረ ወሊድ ድባቴ መመዘኛ ሳገኝ፣ ከ10ሩ ጥያቄዎች የመጀመሪያው ስለ መሳቅ መሆኑን አይቼ የጤፉ ነገር ትዝ አለኝ። የእማማ ጥያቄ ግን እዚያም የለም። ዛሬ ተቀጥራ ለምትሠራ እናት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣታል። ተማሪዋ ሠራተኛ አይደለችም፤ ፈቃዷ እናቷ ናት፣ ያውም እናት ካለቻት። እናትም ሁሉ እንደ እማማ አይደለችም። ልጁን በደስታ ተቀብለው «በቃ፣ አሁንማ እናት ሆነሻል» እያሉ ልጃቸውን ቤት የሚያስቀሩ ደጎችም አይቻለሁ።

የእኛዋ ተመረቀች። የምርቃት ቀሚሷን የገዙላት እማማ ናቸው። ያን ዓመት ጤፉ ጥር ላይ እንዳይሸጥ ባላቸውን በስልክ አዝዘው፣ ክረምት መግቢያው ላይ አሸጡት። እሷ «ኢኮኖሚክስ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» ትላለች። እኔ አላምናትም።