«አንተ መጤ!»

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ ካዛንቺስ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። አንድ ቀን አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከኤርትራ ተሰዶ የመጣ ልጅ ጥያቄ ሊመልስ ተነሣ። አማርኛው ገና የትግርኛ ለዛ አለው። ከኋላ አንዱ «አንተ መጤ፣ አገርህ ግባ!» አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን እንናገርና እኛም ፈገግ አልን። ልጁ ተቀመጠ፤ ያን ቀን ዳግመኛ እጁን አላወጣም።

ነገሩን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ አጫወትናቸው። «ልጆቼ፣ ካዛንቺስ ላይ መጤ ያልሆነ ማን አለ? የሰፈሩ ስምስ የማን ነው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። ጣሊያን ሄደ፤ ስሙ የኛ ሆኖ ቀረ።

አባባ ቀጠሉ፦ «በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር ጎረቤታችንን በሌሊት መጥተው ወሰዷት። የቤቷን ቁልፍ ለባለቤቴ ሰጥታ ሄደች። ቤቱ ዛሬ ፈርሷል፤ ቁልፉ ግን እኛ ዘንድ አለ።»

በዚያ ጦርነት ወቅት 75 ሺህ ያህል የኤርትራ ተወላጆች ከአገራችን እንዲወጡ ተደርገዋል። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ብዙ ነበሩባቸው። ኤርትራም በበኩሏ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን አስወጥታለች። በ2006 ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ አገር ሙሉ አለቀሰ። ታዲያ ያኔ ያስለቀሰን ነገር ዛሬ እንዴት ያስቀናል? ኧረ እንተዛዘን!

የቤት ኪራይ መናሩን፣ ኑሮ መክበዱን እናውቃለን። ሰው ሲቸገር ጣቱን የሚቀስረው አጠገቡ ባለው እንግዳ ላይ ነው። ልጁም «መጤ» የሚለውን ቃል የሰማው ከትልልቆች ነው እንጂ ከመጽሐፉ አላገኘውም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጅ እንደ ዜጋው ልጅ አንደኛ ደረጃ እንዲማር ፈቅዷል። አዋጁ የክፍሉን በር ይከፍታል፤ የክፍሉን ሳቅ የሚያስቆመው ግን መምህሩ ነው።

በማግሥቱ በልጆቹ ሁሉ ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው። ዝም አለን። በሁለተኛው ሳምንት እጁን አወጣ። መልሱ ስሕተት ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ነገ ስም ስትጠሩ «ከየት መጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ልርዳህ?» በሉ።