ነገ ና የሚባለው ፋይል

ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው የቀን ማኅተሙን ማዞር ነው። የጎማዋን ጥርስ በአውራ ጣቴ አንድ ቀን ወደፊት እገፋና በብጣሽ ወረቀት ላይ እሞክራታለሁ። ከዚያ የዕለቱ ፖስታ ይከፈታል። "ገቢ" የሚለው ማኅተምና ቀኑ ሳያርፍበት ደብዳቤ ወደ ማንም ጠረጴዛ አይሄድም። የምሠራው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት፣ የኪራይ ቤቶችን በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ ነው። አገር ቤት ሳለሁ መዝገብ ቤት ስለሠራሁ እጄ ለዚህ አዲስ አልነበረም፤ ገቢና ወጪው፣ አባሪው፣ ግልባጩ ሁሉ በሌላ ስም እዚህም አለ።

ግድግዳውን ሞልተው የቆሙት ቦክስ ፋይሎች የትውልድ ቦታቸው ይህችው ከተማ ናት። ሉዊስ ላይትዝ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1871 ሥራውን እዚህ ጀመረ፤ ብረቱ በእጀታ የሚከፈትና የሚዘጋውን ቦክስ ፋይል ደግሞ በ1896 አወጣ። በጀርባው ያለችው ክብ ቀዳዳ በ1911 ተጨመረች። ፋይሎች ተጠባብቀው ሲቆሙ መሐል ያለውን በአንድ ጣት ስቦ ለማውጣት ናት። አገር ቤት ስንት ዓመት ጣቴን እያስገባሁ ስስብ ከየት እንደመጣች ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ባስገባሁ ቁጥር የሠራተኛን ጥፍር ያሰበውን ሰው አመሰግነዋለሁ። ኤ ፎር የምንለው የወረቀት ልክም የጀርመን ነው፤ ደረጃው የወጣው በ1922 ነው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ጎኔ የምትቀመጠው አንጋፋ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ያሳየችኝ ነገር ነው። እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ ወፍራም ማኅደር ነው፤ ከ1 እስከ 31 ቁጥር የተጻፈባቸው ኪሶች አሉት። ቪደርፎርላገ ይሉታል፣ እንደገና የሚቀርብ እንደማለት። መልስ የሚጠብቅ ጉዳይ ካለ በላዩ ላይ ቀን ይጻፍና በዚያ ቀን ኪስ ውስጥ ይገባል። ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ይወጣል፤ መልስ ካልመጣ ደብዳቤ ይጻፋል ወይም ስልክ ይደወላል፣ ከዚያ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ባለጉዳዩ ቤቱ ተቀምጧል። ነገ ና የሚባለው ፋይሉ ነው።

ይህን ሳይ አንድ አዛውንት ትዝ አሉኝ። ጡረታቸውን ለማስፈጸም ከገጠር ይመጡ ነበር፤ ፋይላቸው ግን ጠፋ። "አባባ፣ ነገ ብቅ ይበሉ" እያልኩ ስንት ቀን እንዳመላለስኳቸው አልረሳም። በትራቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፉና "እሺ ልጄ፣ እግዜር ያክብርልኝ" ይሉኝ ነበር። ፋይሉን ያገኘሁት በሌላ ሰው ማኅደር ውስጥ ተሰፍቶ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ፊርማው ሌላ ሁለት ቀን ወሰደ። የማንም ክፋት አልነበረም፤ ቀኑን የሚያስታውሰው ግን ወረቀቱ ሳይሆን የሽማግሌው እግር ነበር።

እዚህም የሚያስመርር ነገር አለ። ደብዳቤ እንጂ ፊት የለም። አዛውንቱ ፊቴን አይተው ችግራቸውን ነግረውኛል፤ እኔም አዝኜ መደርደሪያውን ገልብጬ ፈልጌያለሁ። የእዚህ አገር ተከራይ ግን ጭንቀቱን በሦስት መስመር ጽፎ በፖስታ ይልካል፤ ማን እንዳነበበለት አያውቅም። ባልደረቦቼም ዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንቱ የሚባባሉ ናቸው። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ግን ኮሪደሩ ላይ የተገናኘ ሁሉ "ማልትሳይት!" ይባባላል። የምግብ ሰዓት ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው እንብላ ያሉኝ መስሎኝ ቆሜ ነበር። ግብዣ አይደለም፣ ሰላምታ ነው፤ ሆኖም ያን ዝምተኛ ኮሪደር በቀን አንድ ጊዜ ሞቅ ያደርገዋል። እወደዋለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ባል፣ ሚስትና ሴት ልጅ። የተላከላቸው ደብዳቤ "ተቀባዩ በዚህ አድራሻ አይታወቅም" ተብሎ ተመልሷል፤ አንዴ ብቻም አይደለም። እዚህ አገር ሕንፃው ስንትም ፎቅ ቢሆን በአብዛኛው የቤት ቁጥር በር ላይ አይለጠፍም፤ ፖስተኛው የሚፈልገው በፖስታ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የቤተሰብ ስም ነው። የእኛ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም። ባልየው በአባቱ ይጠራል፣ ሚስትየዋ በአባቷ፣ ልጅቷ በባልየው የራሱ ስም። ቅጹ ከእያንዳንዳቸው የቤተሰብ ስም ስለጠየቀ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ሆኑ። ሣጥኑ ላይ ያለው የባልየው ብቻ ነው። የእናትየዋ የሐኪም ቀጠሮ፣ የልጅቷ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ ሁሉም ወደ ላኪው ተመልሷል።

ጎኔ ለምትቀመጠው አንጋፋ ባልደረባዬ በወረቀት ላይ ሠርቼ አስረዳኋት፤ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ የሚሄድ ስም። ዝም ብላ አየችውና "ታዲያ ሴትየዋ ስታገባ ስሟን አትቀይርም?" አለችኝ። አትቀይርም፣ የአባቷ ናት አልኳት። ወረቀቱን አልጣለችውም፤ በስቼ ፋይሉ ውስጥ እንዳስገባው ነገረችኝ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሠራተኛም እንዲያየው።

የስም ሰሌዳ የሚያሠራው የእኛው ቢሮ ነው። የጣት ርዝመት ያላት ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ ለሁለት ስም ነው የምትበቃው። ፊደሉን አሳንሰን ሦስቱም እንዲገቡ አዘዝኩና ፋይሉን 14 ቁጥር ኪስ ውስጥ ቀጠርኩት።

በ14 ጠዋት ማኅተሙን አዞርኩ፣ ፋይሉ ወጣ። ደወልኩ። ያነሳችው እናትየዋ ናት። በአማርኛ ስናገር መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ "እህቴ፣ ትናንት በስሜ ደብዳቤ መጣልኝ" አለችኝ። የሐኪሙ ቀጠሮ ነው። ስለ ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ ስለ ብርዱ ትንሽ አወራን። ስልኩን ዘግቼ ፋይሉ ላይ "ተፈጽሟል" ብዬ ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወረቀቱን በስቼ ከቦክስ ፋይሉ ጥርስ ላይ አስገባሁት። እጀታውን ስጫነው ብረቱ ጠቅ ብሎ ገጠመ።