ኩኪው ውስጥ የቀረ ገመና

ባለፈው ረመዳን ለጀመዓችን የድጋፍ መጠየቂያ ሠርተን ነበር፤ በመጀመሪያው ገጽ ስም፣ በሁለተኛው የሚያስፈልገው ነገር፣ በሦስተኛው ማረጋገጫ። ኤችቲቲፒ ግን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲታለፍ ማንን እንዳስተናገደ አያስታውስም። ስለዚህ ሰርቨሩ የተሞላውን ሁሉ በኩኪ አድርጎ ለብራውዘሩ እንዲሰጥ አደረግን፤ ብራውዘሩም በየጥያቄው መልሶ ያመጣዋል። ሠራልን። ኩኪው 7 ቀን እንዲቆይ ስናደርግም ለተጠቃሚው ያሰብን መስሎን ነበር።

የላብ ኮምፒውተር ግን የሁላችን ነው። ከዙህር በኋላ አንድ ወንድም ገጹን ሲከፍት ከእሱ በፊት የተቀመጠው ልጅ ስምና «የትራንስፖርት ብር የለኝም» የሚለው ጽሑፍ ተሞልቶ ጠበቀው። ዘግቶ ለእኛ ብቻ ነገረን፤ አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለው። የወንድምን ገመና መሸፈን መድረሳ ሳለን የተማርነው ነው፤ በገዛ ኮዳችን ገለጥነው።

አሁን መረጃው ሰርቨሩ ላይ፣ በሴሽን ይቀመጣል። ኩኪው የሚይዘው በዘፈቀደ የወጣ መለያ ብቻ ነው። ጥያቄው እንደተላከ ሴሽኑ ይጠፋል፤ አቋርጦ የሄደም ካለ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይዘጋል። ይህን ለማስተካከል ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብንም። ልጁ ዘንድ ሄደን «አውፍ በለን» ለማለት ግን 3 ቀን ፈጀብን።