ድካም ሲሰነብት፣ ኪኒን ሲደጋገም



ደጋግመው ከሚቀርቡልን የጸሎት ርዕሶች አንዱ «ድካም አልለቅ አለኝ» የሚል ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ክሊኒክ ሄዶ ደም ይሰጣል፤ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይባላል፤ ሲፕሮ ወይም ዶክሲሳይክሊን ይዞ ይመለሳል። ጥቂት ቀን ቀለል ይለውና ድካሙ ተመልሶ ይመጣል። ደግሞ ሌላ ዙር። አንዲት እህታችን በአንድ ዓመት አምስት ዙር ከጨረሰች በኋላ፣ «አሁን ኪኒኑን ብተው እምነት ነው ወይስ ድፍረት?» ብላ ጠየቀችን።

ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም በመካከላችን ያሉ ሐኪም ወንድሞች የሚያስረዱንን ማስተላለፍ ተገቢ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ የሚለካው ሰውነት ጀርም ለመዋጋት ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ያም ከቀድሞ ሕመም የተረፈ ሊሆን ስለሚችል፣ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ብቻውን ዛሬ ታይፎይድ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። አንቲባዮቲክም የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው፤ ባክቴሪያ በሌለበት የሚያተርፈው የሆድ መታወክና መድኃኒት የተላመደ ጀርም ነው።

ሐኪሞች ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም የሚሉት ሕመም አለ። ድካሙ ከ6 ወር በላይ ይቆያል፣ እንቅልፍ አያሳርፍም፣ ትንሽ ሥራ እንኳ በማግስቱ አልጋ ላይ ይጥላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እውነተኛና ከባድ በሽታ መሆኑን በሰፊ ዘገባ አስታወቀ። የተደበቀ ባክቴሪያ ይኖራል ብለው ለወራት አንቲባዮቲክ የሰጡ ሐኪሞች በውጭ አገር ነበሩ፤ ፈዋሽነቱ ግን አልተረጋገጠም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም ይህን ሕመም የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ ይናገራል።

ይህን ስንል ማንም የታዘዘለትን በራሱ እንዳያቋርጥ እንለምናለን። የሳንባ ነቀርሳም፣ የደም ማነስም፣ ስኳርም፣ የታይሮይድ ችግርም ያደክማሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ሙሉ ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ለእህታችን የሰጠናት መልስም «ስድስተኛውን ዙር ከመግዛትሽ በፊት ሙሉ ምርመራ የሚያደርግልሽ ስፔሻሊስት ዘንድ ሂጂ» የሚል ነበር። መድኃኒት መጠየቅ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ፣ ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ ሆድ ባልተጨነቀም ነበር።

የከበደን ሌላው ነገር ነው። «የድካም መንፈስ ነው» የሚሏት ነበሩ፤ «ሰነፍ ናት» የሚሉም። (ሁለተኛው በሹክሹክታ ነው፤ ግን ይሰማል።) ጌታ ያቺን 18 ዓመት የጎበጠች ሴት በምኵራብ ሲያገኛት ስለ እምነቷ ማነስ አልገሠጻትም፤ የአብርሃም ልጅ ብሎ ጠራት። ኤልያስም ከዛፉ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ የሰጠው እንጎቻና ውኃ ነበር። በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛ ተቀስቅሶ በላ። «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ስፔሻሊስቱ መርምሮ ሌላ በሽታ አላገኘባትም፤ አዲስ አንቲባዮቲክም አልሰጣትም። አቅሟን እየቆጠበች እንድትኖር መክሯታል። ለፈውሷ ዛሬም እንጸልያለን፤ ጌታ ይችላል። እስከዚያው የሐሙስ የቤት ለቤት ኅብረት እሷ ዘንድ ሆኗል። 20 ደቂቃ ነው፣ እሷ እንደተኛች። እህቶች ሊጥ አቡክተው፣ እንጀራ ጋግረውላት ይሄዳሉ። አዳር ጸሎት ላይ ስሟ ሲጠራ፣ «አለች» እንላለን።