ከባምቢስ ተነስቶ ሣጥን ፍለጋ፤ በምን ይኬዳል?

እሁድ በመጣ ቁጥር አንድ ማኪያቶ ይዞ ካፌ ውስጥ ሦስት ሰዓት መጎለት ያልሰለቸው ማን ነው? ወሬው ያልቃል፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ አስተናጋጁ መገላመጥ ይጀምራል። ታዲያላችሁ በቅርቡ አንዳንድ የከተማችን ልጆች ከዚህ የሚገላግል ጨዋታ ይዘዋል። ስሙ ጂኦካሺንግ ይባላል። በእኛ አፍ ሣጥን ፍለጋ ብንለው ይገልጸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ሰው ትንሽ ዕቃ፣ ለምሳሌ ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ፣ የሆነ ቦታ ይደብቃል። ውስጡ ማስታወሻ ደብተርና ጥቃቅን ነገሮች ይኖራሉ። ከዚያ የቦታውን ቁጥር፣ ማለትም ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን፣ ለሌሎቹ ይሰጣል። ፈላጊዎቹ ስልካቸው ላይ ባለው ጂፒኤስ እየተመሩ ይሄዳሉ፣ ሲያገኙ ደብተሩ ላይ ይፈርማሉ፣ አንድ ዕቃ ከወሰዱ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣሉ፣ ሣጥኑንም ወደነበረበት ይመልሳሉ። አለቀ።

ጨዋታው የተወለደው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤሱን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ስለነበር ተራው ተጠቃሚ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሳሳት ነበር። ያ እገዳ በተነሳ በማግስቱ ገደማ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን አስታወቀ። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ የታሸገ ባቄላ ነበር አሉ። (ምግብ አትደብቁ፤ የኛ አገር ውሻና ጅብ ከጂፒኤስ ይበልጣሉ!)

ለዛሬ የመረጥኩት መነሻ ባምቢስ ነው። ባምቢስ የሱፐርማርኬት ስም ሆኖ ጀምሮ ሰፈር የሆነ፣ በኋላም የባቡር ፌርማታ የሆነ ቦታ ነው። በአንድ ወገን ኡራኤል፣ በሌላ ወገን እስጢፋኖስና መስቀል አደባባይ፣ ከላይ ደግሞ ካዛንቺስ አለ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራው «ኢንቺስ» ከሚባለው ድርጅታቸው ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ሲሉ የኛ ሰው ካዛንቺስ አደረገው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በኮሪደር ልማቱ ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ምልክት አብሮ ሄዷል። «ከእትዬ እገሌ ጠጅ ቤት ወደ ግራ» ብሎ አቅጣጫ መንገር ቀረ። አንድ የሰፈሩ ልጅ «ያደግኩበት ቤት ዛሬ ቁጥር ብቻ ነው» ሲለኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካስ የድሮ ግቢያቸውን ቦታ ከድሮ ፎቶግራፍ ላይ አውጥቶ ስልኩ ውስጥ በቁጥር አስቀምጦታል።

ወደ መጓጓዣው እንምጣ፤ ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ። ስልካችሁ «480 ሜትር ቀርቷችኋል» ሲላችሁ በወፍ በረራ ነው የሚለካው። እናንተ ደግሞ ወፍ አይደላችሁም። ባምቢስ ላይ ይኼ ቶሎ ይታያችኋል። ሀዲዱ መንገዱን ለሁለት ከፍሎት ነው የሚያልፈው፣ መሻገሪያው ያለው ግን በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። የምትፈልጉት ነገር ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት እየታያችሁ ዞራችሁ መምጣት ግድ ነው። አጥር ዘለው የሚሻገሩ ሰዎች እናያለን፤ እናንተ ግን ለፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ብላችሁ ባቡር ፊት እንዳትቆሙ። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ካርታው ላይ መሻገሪያው፣ ድልድዩና ወንዙ የት እንዳለ እዩ። በየትኛው ፌርማታ እንደምትወርዱ የሚወስነው ቀጥታ ርቀቱ ሳይሆን እሱ ነው።

እዚያው አካባቢ ለሚደረግ ፍለጋ በእግር የመሰለ የለም። ከባምቢስ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም ወደ አፍሪካ አዳራሽ በኩል ዞሮ ካዛንቺስ መውጣት ለጤነኛ ወጣት ምንም አይደል። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ እድሳቱ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተጠናቆ ዳግም ተከፍቷል። ከውጭ ሆናችሁ እያያችሁ ማለፍ ብቻውን ደስ ይላል። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶችም ሰፊ ናቸው። ለመፈለግ ሳይሆን ለመደበቅ ግን ይኼን አካባቢ እርሱት! ኤምባሲ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ትልልቅ ሆቴል ባለበት ሰፈር ቁጥቋጦ ሥር ዕቃ ሲሸጉጥ የተገኘ ሰው «ጨዋታ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? መደበቅ ካማራችሁ የምታውቁት ሰው ግቢ ወይም ካፌ ይሁን፤ ባለቤቱንም ዘበኛውንም አስፈቅዱ። ዕቃው ውስጡ የሚታይ፣ ላዩም ምን እንደሆነ በአማርኛ የተጻፈበት ይሁን።

ባቡር። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲጀምር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ያን ጊዜን ማስታወስ አሁን እንደ ተረት ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር ባምቢስን ይነካል። አንድ ፌርማታ ወደ ምሥራቅ ብትሉ ኡራኤል፣ ወደ ምዕራብ ብትሉ እስጢፋኖስ ነው፤ ቀጥሎ ስታዲየም ላይ ወርዳችሁ ወደ ቃሊቲ የሚሄደውን መያዝ ትችላላችሁ። በ41 ባቡር ነበር ሥራ የጀመረው፤ በኋላ ግን በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ቆመዋል። ስለዚህ ባቡር ጥሩ የሚሆነው ለማይቸኩል ሰው ነው። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ግፊያው ሌላ ነው፤ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። እሁድ ጠዋት ግን መስኮት ይዞ አያት ድረስ መሄድ ራሱ ሽርሽር ነው።

ታክሲ፣ ማለትም ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ፣ ለእንጦጦ አንደኛ ነው። ከካዛንቺስ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ እንጦጦ የሚል ረዳት አይጠፋም። ቅብብሎሹ ያሰለቻል፣ ነገር ግን ርካሽ ነው፤ «ወራጅ አለ!» ብላችሁ የፈለጋችሁበት ላይ ትወርዳላችሁ። እዚህ ላይ ምክሬ አንድ ነው። በታክሲ ውጡና በእግር ውረዱ እንጂ በእግር ውጡና በታክሲ ውረዱ አልላችሁም። መስቀል አደባባይ አካባቢ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እንጦጦ ከ3 ሺህ በላይ ነው። ልዩነቱን ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። እዚያ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ስታዩ ደግሞ «ደከመኝ» ማለት ያሳፍራል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ከሆናችሁ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ጫካው ውስጥ ለብቻ መግባት ግን አይመከርም፤ ከ11 ሰዓት በኋላማ ጭራሽ!

ሞተር ሳይክል ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በፈቃድ እንጂ እንደ ልብ የሚነዳ አይደለም። ወረቀታችሁን ሳታሟሉ ሣጥን ፍለጋ ብትወጡ የምታገኙት ሣጥን ሳይሆን ትራፊክ ፖሊስ ነው።

አሁን ወደ ኮንትራቱ ነገር። ድሮ ላዳ ነበረች፤ ዛሬ በስልክ የሚጠራው ራይድና ፈረስ ተተክቷል። አራት ሆኖ ለሚሄድ ሰው ሲካፈል ብዙም አይጎዳም። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳ ሲመጣ ዋጋው መጨመሩ ባይቀርም በር ላይ ይመጣል፣ በር ላይ ያደርሳል። ሁሉም የሚወደው ለዚህ ነው። አንድ ልጅ ያጫወተኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አምስት ጓደኛሞች ናቸው። ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ ሁሉም አብረው የተማሩ። እሁድ እሁድ ባምቢስ ይገናኙና ራይድ ጠርተው ይወጣሉ። አምስተኛው ሰው ትርፍ ስለሚሆን ሾፌሩን መለማመጥ አለ፤ አንዳንዱ «አልጭንም» ይላል፣ እነሱም ይሳሳቃሉ። ከአምስቱ አንዷ የካዛንቺስ ልጅ ነበረች። ቤታቸው በ2017ቱ ፈረሳ ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ትመጣ ነበር። ከዚያ ማርፈድ ጀመረች። ቀጥሎ አንዱን እሁድ ስትመጣ አንዱን መቅረት፤ በመጨረሻ «አሞኛል»፣ «እንግዳ አለብን» እያለች ጭራሽ ቀረች።

ታሪኩን ያወራኝ ልጅ እሷን ይወዳታል። አልነገራትም፤ ግን ይወዳታል። ስትቀር ምን አሰበ? «ሌላ ይዛለች!» ጓደኞቹም አጋነኑለት። «አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ሰው» እያሉ። ልጁ ተናዶ ስልክ መደወል አቆመ። እሷም አልደወለችም። ሁለት ወር!

አንድ ቀን በአጋጣሚ የሥራ ጉዳይ ወደ ገላን ወሰደው። እንግዲህ ያን ቀን ነው የገባው። መልስ ላይ ታክሲ ሰልፍ፣ ቃሊቲ ላይ እንደገና ሌላ ሰልፍ፣ መንገዱ ዝግ፤ ባምቢስ ሲደርስ መሽቷል። እሷ ለ3 ሰዓት ቀጠሮ 12 ሰዓት ላይ ተነስታ ትመጣ እንደነበር ያኔ ቆጠረው። ማታ ደግሞ አራቱ ባምቢስ ላይ «ቻው» ተባብለው በአምስት ደቂቃ ቤታቸው ሲገቡ እሷ ብቻዋን ሰልፍ ላይ ትቆማለች። የራይዱን ድርሻም እኩል ከፍላ ነው።

በዚያው ማታ ደወለላት። «ለምን አልነገርሽንም?» አላት። «ምን ብዬ ልንገራችሁ? ራቀኝ ብዬ?» አለችው። የእሷን የታክሲ ሂሳብ እንሸፍናለን ሲላት ደግሞ ተቆጣች። «ገንዘብ ቸግሮኝ መሰለህ? እናንተ ሁልጊዜ ከበራችሁ ትነሳላችሁ፤ እኔ ሁልጊዜ እንግዳ ነኝ» አለችው።

እኔ ልጅቷ እውነቷን ነው እላለሁ። ሰው ሂሳቡ ሲከፈልለት የሚደሰት ይመስለናል፤ እሷ የተከፋችው ግን በመነሻው ነው። መጓጓዣ ስንመርጥ ሁላችንም የምንቆጥረው ብሩንና ደቂቃውን ነው፣ እሱንም የራሳችንን። ለአራቱ በጣም ርካሽና ፈጣን የነበረው ራይድ ለአምስተኛዋ ከሁሉም ውድና አድካሚ ነበር። ባቡሩን ይዘው ስታዲየም ላይ ቢቀጣጠሩ ኖሮ እሷ ከቃሊቲ፣ እነሱ ከባምቢስ መጥተው መንገዱን ይካፈሉት ነበር። ቀርፋፋ ነው፣ አዎ። ግን አምስቱም ይገባሉ፤ ትርፍ የሚባል ሰው የለም።

ደግሞም ሣጥን ለመፈለግ የግድ ወደ ሰሜን መውጣት ማን አዘዘ? ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ከያዛችሁ ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ራሱ የቢሾፍቱ ሐይቅ፤ ለፍለጋ የተሠራ የሚመስል አገር ነው። እዚያ ደግሞ የወፍ በረራው ነገር ይብሳል። አብዛኞቹ ሐይቆች ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ስለሆኑ ስልካችሁ «ይኸው ቀርባችኋል» ሲላችሁ መሀሉ ውኃ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ዳር ዳሩን መዞር አለ። ከተማው ውስጥ በባጃጅ መዞር ይቻላል። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። መመለሻችሁን 10 ሰዓት ላይ አድርጉት፤ እሁድ አመሻሽ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው መኪና ብዛት ለጉድ ነው። በክረምት ከሆነ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ጫማችሁም ጭቃ የማይፈራ ይሁን።

ልጆቹ ይኼንኑ ነው ያደረጉት። ቀጠሮው ቃሊቲ መናኸሪያ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሆነ። አራቱ ከባምቢስ በባቡር ሲመጡ ስታዲየም ላይ ቅያሪው ዘግይቶባቸው 40 ደቂቃ አረፈዱ። እሷ ቀድማ ደርሳ፣ ሻይ ጠጥታ፣ የአምስት ሰው ወንበር ይዛ ከረዳቱ ጋር እየተጨቃጨቀች ጠበቀቻቸው። «እናንተ የመሀል ከተማ ልጆች ሰዓት አታከብሩም» አለቻቸው። ልጁ ጋቢና ነበር የተያዘለት፤ እሱ ግን ኋላ እሷ አጠገብ መቀመጥ መረጠ።