ዱቄቱም ያው፣ ምድጃውም ያው

የሰፈራችን ዳቦ ቤት ዳቦው ሰው ከሩቅ ያስመጣ ነበር። አንድ ሰሞን ዳቦው ኮመጠጠ፤ ሌላ ቀን ሳይበስል ወጣ። «ዱቄት ቀየራችሁ እንዴ?» አልኩት ባለቤቱን።

«ኧረ ጋሼ! ዱቄቱም ያው፣ ምድጃውም ያው። ጋጋሪው ነው የሄደው።»

ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ሁለቴ ጭማሪ ጠይቆ፣ «ሥራ ፈላጊ እንደሆን በር ላይ ሞልቷል» ተባለ። እውነት ነው፣ ሞልቷል። በሦስት ወር ሦስት ሰው ተቀጠረ። ሊጡ መቼ እንደሚነሣ፣ ምድጃው በየትኛው ጥግ እንደሚያሳርር የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው አልተገኘም። ደንበኛውም እግሩን አነሣ።

ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ «ፐርሶኔል» የሚባል ክፍል ነበር። ኋላ «የሰው ኃይል አስተዳደር» ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ «የሰው ሀብት» ተብሏል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከቃል ጋር ስታገል ስለኖርኩ፣ ስም ሲለወጥ ግብሩስ ተለወጠ ወይ ማለት ልማድ ሆኖብኛል። ሀብት ያለው ሰው ሀብቱን ይቆጥራል፣ ይጠብቃል፤ ሲጎድልበትም ያመዋል።

በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ የሆነች የቀድሞ ተማሪዬን ይህንኑ ጠየቅኋት። «መምህር፣ ማሽን ሲበላሽ በዚያው ቀን ስብሰባ ይጠራል። ሰው ሲለቅ ግን እኔ ማስታወቂያ አወጣለሁ፣ በቃ» አለችኝ። የማስታወቂያው፣ የፈተናው፣ የሥልጠናው፣ አዲሱ ሰው እስኪለምድ የሚበላሸው ዕቃ ወጪ ተደምሮ የት ይጻፋል? «የትም።»

ይህ የትም የማይጻፍ ወጪ በትልቁ የታየው ሐዋሳ ላይ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ባለሀብት ከተጠራባቸው ነገሮች አንዱ ርካሽ ጉልበት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ጥናት፣ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ፋብሪካዎቹም በዓመት ውስጥ በአማካይ የሠራተኛቸውን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው ይተኩ እንደነበር ጻፈ። ልጅቷ ከገጠር መጥታ፣ ኪራይና ቀለብ ከፍላ፣ እጇ ባዶ ሲሆን ትሄዳለች። መስፋት የለመደው እጅም አብሯት ይሄዳል። ርካሹ ጉልበት ተወደደ ማለት ይህ ነው።

ሕጉ ዝቅተኛውን ልክ አስቀምጧል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንድ ዓመት ያገለገለ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ ወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታርፋለች። ይህን መፈጸም ግዴታ ነው። የሰው ሀብት ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በላይ ነው፦ ሰውዬው ሳይሄድ በፊት «ምን ጎደለህ?» ከማለት።

እኔም ከማስተማር ሥራዬ ስለቅ ክሊራንስ አስፈርም ተባልኩ። የቤተ መጻሕፍት ዕዳ እንዳለብኝ ጠየቁኝ። ለምን እንደምሄድ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። የዓመታት የትምህርት ማስታወሻዬም በካርቶን ታሽጎ ቤቴ ገባ።

አሁን ለዳቦ ሁለት ፌርማታ እሄዳለሁ። ጋጋሪውን እዚያ አገኘሁት። ጭማሪው እንዴት እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀ። «ትንሽ ናት፣ ጋሼ። ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስገባ የባጃጅ ይከፍሉልኛል። እዚያኛው ቤት ሰባት ዓመት በጨለማ በእግሬ ነበር የምሄደው፤ በምን እንደምመጣ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።»