የማድ ቤቱ አምፖል

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ነገር ካላሻሻለ የተማረ አይመስለውም። እኔም ባለፈው ክረምት ደሴ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ባለ 12 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ነበሩ። ከኪስ ገንዘቤ ቆጥቤ የገዛኋቸው ናቸው። «የጨለማው ዘመን አበቃ!» ብዬ በር ላይ ስፎክር እናቴ ሳቀች።

ቤታችን ሳሎን፣ አንዲት መኝታ ክፍልና ጓሮ ያለች ማድ ቤት ነው። አንዱን አምፖል ሳሎን ሰቀልኩ፤ ሁለተኛውን ከአልጋዬ በላይ፣ ለንባብ። ከዚያ ወዲያ ያሰብኩት ነገር የለም።

ማታ ለቡና የመጡት ጎረቤታችን ዓይናቸውን በነጠላቸው ከለል አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ ክሊኒክ አደረግኸው እኮ!» አሉኝ። ቅር አለኝ። ዳሩ ግን እውነታቸውን ነበር። የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ወጥቷል፤ የሰው ፊት የታመመ መስሏል። ካርቶኑን አንስቼ ባነብ 6500 ኬልቪን ይላል። ለካ ይህ ቁጥር የብርሃኑን ቀለም ነው የሚናገረው፤ ሲያንስ ወደ እሳት ይጠጋል፣ ሲጨምር ወደ ቀን ሰማይ። ለቡና የሚስማማው 2700 አካባቢ ያለው፣ እንደ ድሮው አምፖል ቢጫ የሚለው ነው።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ሌሊት ነው። አሥር ሰዓት ገደማ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። እናቴ ለሽያጭ የምታቀርበውን እንጀራ እየጋገረች ነበር። ጥላሸት የለበሰች አሮጌ አምፖል ከበሩ በላይ፣ ከእናቴ ጀርባ ተንጠልጥላለች። እናቴ ጎንበስ ባለች ቁጥር የገዛ ጥላዋ ምጣዱ ላይ ያርፋል። ክንዷ ላይ ያለውን የምጣድ ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከምን እንደመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?»

«መብራቱን ነዋ!»

«እኔ እኮ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ» አለች።

ምን ልበል? የኔን ደብተር የገዛው ያ እንጀራ ነው። እኔ ግን ብርሃን ይዤ ስመጣ መጀመሪያ ያሰብኩት እንግዳ የሚያየውን ክፍል፣ ቀጥሎም ራሴን ነው።

በማግሥቱ የሳሎኑን አዲስ አምፖል አወረድኩ፤ አሮጌው ወደ ቦታው ተመለሰ። የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን የማድ ቤቱን ሽቦ አስረዝሞ አምፖሉን ከምጣዱ በላይ ከፊት ለፊቷ ሰቀለው፤ ጥላዋ ወደ ኋላ እንዲወድቅ። የጠቆረ ግድግዳ ብርሃን ስለሚውጥ እኔም ኖራ ቀባሁ።

እናቴ ግን «ቆጣሪው ይሮጣል» ብላ ተከራከረች። ቁጭ ብለን አሰላን። 12 ዋት አምፖል በቀን 3 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዷ ደግሞ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ያንን በሀያ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። «እንዲህ ከሆነማ ይብራ!» አለች። ሌሊት አብርታው መጀመሪያ ያየችው ግን ምጣዱን ሳይሆን እኔን ነው። «ከስተሃል» አለችኝ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ለዕረፍት ስትሄዱ አምፖል መግዛታችሁ ደግ ነው። ለየትኛው ክፍል የትኛው ይስማማል ብሎ መምረጡም ደግ ነው። ነገር ግን ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ሌሊት ተነሡና ቤቱን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ሁሉም ሲተኛ ማን ነው የሚሠራው? በምን ብርሃን? መጀመሪያ እዚያ ስቀሉ። ሳሎኑ ይደርሳል።